ጎማ የሚበላው ወፍጮ

ኅዳር 10

ትናንት ገበያ ነበር። ሞተሩንና ወፍጮውን የምታያይዘው ጎማ እንደገና ተበላች። መጀመሪያ ሽታ፣ ቀጥሎ ጩኸት፣ ከዚያ ጸጥ። ሞተሩ ለብቻው ይዞራል፣ ወፍጮው ቆሞ ያየዋል። ገበያተኛው ግማሹ ጥሬውን ተሸክሞ ተመለሰ።

ዛሬ ሱቅ ዋልኩ። ጨው ጥሩ ሄደ፣ ሳሙና ደህና። ከሰዓት ደግሰው መጣ። ባንኮኒው ላይ ተደግፎ፣ እንደ ለቅሶ ደራሽ ድምፁን ዝቅ አድርጎ...

«ሸጌ፣ ወፍጮውን ለምን አትለቂልኝም? አንቺ የሱቅ ሰው ነሽ።»

«አንተስ የምን ሰው ነህ?»

«የብረት ሰው ነኛ!»

ግቢው ውስጥ ከቆመ ዓመታት ያለፉት አይሱዙ መኪና አለው። ዶሮ ያድርበታል። የብረት ሰው ማለት እሱ ነው እንግዲህ።

ሳቅሁበት። ግን ነገሩ ቀልድ አይደለም። ለገና የኛ የብልባላ ሰው ላሊበላ ለሚመጣው እንግዳ ዱቄት ይልካል። የዓመቱ ትልቁ የወፍጮ ሥራ ያ ነው። ያኔ ከቆመብኝ ለደግሰው እሸጣለሁ፣ አበቃ። ካልቆመ የኔ ሆኖ ይቀራል።

ኅዳር 12፣ ሚካኤል

በበዓል ወፍጮ አይዞርም። ስለዚህ መካኒኩ ምንይችል የሚመጣው በበዓል ነው። ቤቱ ባዶ ነው፣ የሚጋፋው የለም። ከላሊበላ በሞተር ሳይክል መጣ፣ እያፏጨ ሥራውን ጀመረ።

እስቲ ለራሴ ግልጽ ላድርገው። የሞተሩ ዘንግ ከወዲህ፣ የወፍጮው ዘንግ ከወዲያ፣ አፍ ለአፍ። ጫፋቸው ላይ ጥርስ ያለው ብረት አለ፣ በጥርሶቹ መሀል የኮከብ ቅርጽ ያላት ጎማ። ዘንጎቹ ልክ ፊት ለፊት ከሆኑ ጎማዋ ዓመት ትኖራለች። ትንሽ ከተዛነፉ ጥርሶቹ ያኝኳታል።

ምንይችል ከግድግዳ እስከ ግድግዳ በዘንጎቹ አናት ላይ ሲባጎ ወጠረ። ከወፍጮው እግር ሥር ቆርቆሮ እየቆረጠ ወሸቀ፣ ቡሎኑን አጠበቀ። «ፀጉር አይገባበትም!» አለ።

ቄስ ወልደ ሩፋኤል ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ የመፍቻውን ድምፅ ሰምተው በበሩ ብቅ አሉ።

«ሸጌ! በሚካኤል?»

«ሥራ አይደለም እኮ አባ። በሽተኛ መጠየቅ ነው።»

ወፍጮውን አዩት፣ እኔን አዩኝ። «እንግዲያው እግዜር ይማርህ በይው» ብለው ሄዱ።

ኅዳር 16

ገበያ። ሽታ፣ ጩኸት፣ ጸጥ።

ኅዳር 17

ምንይችል በስልክ፦ «ጎማው ነው፣ ጥራት የለውም።» እሺ፣ ጎማው ነው። ባለፈው ኩሽኔታው ነበር። ከዚያ በፊት መብራቱ። ቀጥሎ እኔ ነኝ መሰለኝ።

ኅዳር 21፣ ጽዮን

ሌላ በዓል፣ ሌላ ጎማ፣ ወፈር ያለች። ሲባጎ፣ ቆርቆሮ... «ፀጉር አይገባበትም።» ይህቺን ቃል ጠላኋት። ሲባጎውን እንደተወጠረ ረስቶት ሄደ።

ኅዳር 22

ሰው ጥቂት። ወፍጮው እንደ ንብ ነው ድምፁ። ትምህርት እንደጠላ ልጅ በገበያ ቀን ብቻ የሚታመመው ለምንድን ነው?

ኅዳር 23

ገበያ። ሱቁን ዘግቼ ወፍጮ ቤት ቆምኩ።

እዚህ ሰው አይሰለፍም፣ ጆንያው ነው የሚሰለፈው። ባለቤቱ ጆንያውን አስጠግቶ ገበያውን ሲዞር ይውላል። ለወፍጮው የቀረበ ቀድሞ ይፈጫል። ስለዚህ ሁሉም ያስጠጋል፣ በጆንያ ላይ ጆንያ። የማኅበሩ ሴቶች ሁሉ የሚታዘዙላቸው እማማ አመተ ጊዮርጊስም ገብሳቸውን አምጥተው ከሁሉ በላይ አስጫኑት።

«እማማ፣ ትንሽ ፈቀቅ ቢያደርጉት?»

«ፈቀቅ ያለ ይረሳል፣ ልጄ።»

ያኔ ዓይኔ ሲባጎው ላይ አረፈ። ጠዋት ከሁለቱም ዘንግ ጋር እኩል ነበር። አሁን በሞተሩ በኩል እኩል... በወፍጮው በኩል የስንዴ ፍሬ ይገባበታል!

ብዙም አልቆየ። ሽታ፣ ጩኸት፣ ጸጥ። ሰው ሁሉ ሲያማርር እኔ ደስ አለኝ።

ኅዳር 24

ጆንያው ሁሉ ሄዷል። ሲባጎውን አየሁ። እኩል! ወለሉ እንደ አልጋ ነው ለካ፣ ሲተኙበት ይረግባል፣ ሲነሱለት ይነሳል።

የዚህ ቤት ግማሹ አለት ነው፣ ግማሹ ሙሌት አፈር። የላስታ ሰው አለት ካየ ሳይፈለፍል አያልፍም። ባለቤቴም፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የሞተሩን መቀመጫ ከአለቱ አስፈልፍሎ ነው ያሠራው። ኩራቱ ነበር። ሞተሩ እስከ ምጽአት አይነቃነቅም። ወፍጮው ግን የተቀመጠው በሙሌቱ በኩል፣ ሲሚንቶ ላይ። ጆንያው የሚቆለለውም እዚያው። የምናስተካክለው ደግሞ በበዓል፣ ቤቱ ባዶ ሲሆን! በባዶ ሆዱ ለክተን ቀበቶ ስንሰፋለት ከረምን።

ኅዳር 30

የመጨረሻዋን ጎማ አስገብቼ ወለሉን በኖራ አሰመርኩ። «ጆንያ ከዚህ አይለፍ» አልኩ። እማማ አመተ ጊዮርጊስ ኖራውን በእግራቸው ጠረግ ጠረግ አድርገው አለፉ። «ልብስ ያበላሻል» አሉ። ሌላው ተከተለ።

ጎማዋ ተበላች። ወለሉ ፈርሶ ይሠራ ቢባል ገና ያልፋል። በችንጋ እንዳይሆን ችንጋው ለሚዞርበት ፑሌጂያ በአለቱ ጉድጓድ ውስጥ ቦታ የለም። ሰዉም አይቃና፣ ወለሉም አይቃና። መዛነፉን ችሎ የሚዞር ነገር አይኖርም?

ታኅሣሥ 1

ጥያቄውን ለምንይችል እንዳለ ነገርኩት። ፉጨቱን አቆመ።

«የመኪና ሞተር ፊት ነው ያለው፣ አይደል? የኋላ ጎማው ጉድጓድ በገባ ቁጥር ከፍ ዝቅ ይላል።»

«እሺ?»

«ግን ጉልበቱ አይቋረጥም። በመሀል ያለው ረጅሙ ዘንግ በሁለቱም ጫፉ ክሮቼራ አለው። እንደ እጅ አንጓ፣ እየታጠፈ ይዞራል።»

«የት ይገኛል?»

«ከአሮጌ መኪና...»

ተያየን። ሁለታችንም ያሰብነው አንድ ዶሮ ቤት ነው።

ታኅሣሥ 2

ደግሰው ጋ ሄድኩ። እውነቱን ነገርኩት። ቢዋሹት ነበር የሚጠረጥረው።

«በመኪና ዘንግ ልትፈጪ? ሸጌ፣ እንጀራው ናፍጣ ናፍጣ ይላል!»

ሆዱን ይዞ ሳቀ። በአንድ ጆንያ የገብስ ዱቄት ተስማማን። አንዱ ዘንግ ከመኪናው ሥር ነው፣ ሌላው መለዋወጫ፣ ካሮሰሪው ላይ ተጋድሟል። «ሁለቱንም ውሰጂና ግቢዬን አጽጂልኝ» አለ። አንዱ ይበቃኛል ልል ነበር... «እሺ» አልኩ።

ሲሸኘኝ ከመንገዱ ዳር የሠራውን አዲስ ቤት አሳየኝ። «ያንቺን ካልሸጥሽልኝ የራሴን አመጣለሁ። ቦታው ተዳፋት ነበር፣ ግማሹን ቆርጬ ግማሹን ሞልቼ አስተካከልኩት።»

ግማሹን ሞልቼ... «ደህና ዋል» ብዬው መንገዴን ቀጠልኩ።

ታኅሣሥ 8

ላሊበላ በያጅ ጋ ዘንጉን አሳጠርን። ሞተሩን ወደ ኋላ ለመሳብ አለቱን ክንድ ያህል አስፈለፈልን። ባለቤቴ ቢያይ ደስ ይለው ነበር።

አስነሳነው። ወፍጮው እስክስታ ወረደ! ጣሪያው ሁሉ ተንቀጠቀጠ። ሮጬ አጠፋሁት።

ምንይችል ራሱን አከከ። «ሁለተኛው ዘንግ የታለ?» አለ። ከሱቁ ጀርባ አምጥተን ጎን ለጎን አጋደምናቸው። ባልተነካው፣ ክሮቼራውን የሚይዙት ሁለቱ ሹካዎች ወደ አንድ ፊት ያያሉ። በኛው አንዱ ወደ ላይ፣ አንዱ ወደ ጎን። በያጁ አጣሞ ነው የበየደው። አንዱ ሹካ ሲዞር ያፈጠነውንና ያዘገየውን ሌላው የሚያካክሰው ወደ አንድ ፊት ሲያዩ ነው አለኝ ምንይችል። ይህን ቀድሞ ባሰበ ኖሮ! እሱም እንዲህ አለ፣ ጮክ ብሎ፣ ያውም በስድብ።

ታኅሣሥ 12

ተበይዶ ተመለሰ። አስነሳነው። ንብ።

በርሜል ለሁለት አስቀድጄ ዘንጉን ከደንኩት። ነጠላ ቢይዝ ሰው ይዞ ነው የሚዞር።

ታኅሣሥ 14

ገበያ። ጆንያው እስከ መስኮቱ። የእማማ አመተ ጊዮርጊስ እንደ ወትሮው አናት ላይ። ሲባጎውን አየሁ፣ የስንዴ ፍሬ ይገባበታል። ወፍጮው ግን ደንታም የለው። ዘንጉ በርሜሉ ሥር ትንሽ ዘመም ብሎ ይዞራል።

«ዛሬ ዝም ያልሽው ምን አግኝተሽ ነው?» አሉኝ እማማ።

«ያስጠጉ፣ እማማ። እንደፈለጉ ያስጠጉ!»

በጥርጣሬ አዩኝ። ጆንያቸውን ፈቀቅ አደረጉት።

ታኅሣሥ 28

የእንግዳው ዱቄት ሁሉ ተጭኖ ወደ ላሊበላ ሄደ። አልቆመም። አልሸጥም። ቄስ ወልደ ሩፋኤል በበሩ ሲያልፉ «በሽተኛው ተነሳ?» አሉ። «አልጋውን ተሸክሞ ሄደ፣ አባ» አልኳቸው።

ጥር 14

ደግሰው ወፍጮውን ከፈተ። ቀለም የተቀባ፣ አዲስ። ለመራቂው ሁሉ ጠላ ቀዳ። ሄጄ «ይቅናህ» አልኩት። ዓይኔ ግን ወለሉ ላይ ነበር። ሞተሩ በተቆረጠው በኩል፣ ወፍጮው በተሞላው። በመሀል የኮከብ ጎማ።

ጥር 19

ገበያ። አንዳንዱ ደንበኛዬ ወደ አዲሱ ሄደ። ምሳ ሰዓት ላይ ነፋሱ ከማዶ ሽታ አመጣ። አውቀዋለሁ።

ጥር 20

ደግሰው መጣ። ዛሬ ባንኮኒው ላይ አልተደገፈም።

«ያ... ሁለተኛው ዘንግ አለሽ?»

«አለ።»

«ስንት ትይኛለሽ?»

ሌሊቱን ሳስብበት ነበር ያደርኩት። አንድ ገበያ ለሁለት እህል ወፍጮ አይበቃም። በርበሬ ግን ፈጭቼ አላውቅም፣ ሽታው ዱቄቱ ላይ ይቀራል። ሰዉ በርበሬውን ላሊበላ ድረስ ይሸከማል።

«በገንዘብ አልሸጠውም። በርበሬና ሽሮ ያንተ፣ እህል የኔ። ከተስማማህ ዘንጉን ውሰደው።»

«በገዛ ብረቴ?»

«ግቢህን አጽጂልኝ አላልክም?»

ረጅም ጊዜ ጣሪያ ጣሪያውን አየ። ሲያሰላ እንደዚያ ነው። በርበሬ የሚፈጭ ሰው አጠገቡ ተፎካካሪ እንደሌለው ሲገባው ፊቱ ፈታ አለ። «ስታሳጥረው ሹካዎቹ ወደ አንድ ፊት ይዩ» አልኩት። ዘንጉን በትከሻው ተሸክሞ ወጣ። ከመንገዱ ተመለሰ።

«ሹካዎቹ ወዴት ነው የሚያዩት ያልሽው?»

«ምንይችልን እልክልሃለሁ» አልኩት። ከኔ ኮሚሽን ጋር።

ጥር 26

ገበያ። ከማዶ ሽታ መጣ። የበርበሬ። ሲያስነጥሰኝ ዋለ።

ጩኸትም ነበር፣ የሁለት ወፍጮ። ጸጥ ያለ የለም።