በአንድ ሐዲድ ስለሚወጣ ወንበር ለግራዝማች አድማሴ

ዳንግላ፣ ጥቅምት ፲፬ ቀን ፲፱፻፶፬ ዓ.ም.

ለክቡር ግራዝማች አድማሴ ሽባባው
የአዲሱ ባለፎቅ አዳራሽ አስተዳዳሪ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ካሉበት ከላይኛው ፎቅ

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለክቡር ጤንነትዎ እንደምን ሰንብተዋል እያልኩ፣ ጉልበትዎ ሃያ ሁለቱን ደረጃ ወጥቶ ለመውረድ እንዳይሰንፍ፣ ትንፋሽዎም መሐል ላይ እንዳይቆራረጥ ዘወትር የምጸልይ መሆኔን በታላቅ ትሕትና እገልጻለሁ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ፤ ማለቴ ከወገቤ በላይ ደኅና ነኝ።

ምናልባት ከዚያ ከፍታ ሲያዩት ስሜ ደብዝዞብዎት እንደሆነ፣ እኔ አናጢው ስማቸው አበረ ነኝ። የሚወጡበትን ደረጃ በእጄ የሠራሁት እኔ ነኝ፤ የጣሪያውን ቆርቆሮ ስመታ ወድቄ ሁለት እግሮቼ የከዱኝም ከዚያው ሕንፃ ላይ ነው። በምረቃው ቀን ስለ ድካሜ ከላይ ሆነው የምስጋና ቃል ማንበብዎን፣ እኔም ምድር ቤት ተቀምጬ ጭብጨባውን በወለሉ ጣውላ በኩል መስማቴን አልረሳሁም። ላደረጉልኝ ክብር እጅግ አድርጌ አመሰግናለሁ።

ይህን ደብዳቤ በሕንፃው የታችኛው በር ላይ ያስለጠፍኩት ክብርዎን ለመንካት ሳይሆን፣ በአካል ልደርስበት የምችለው የመጨረሻ ከፍታ እሱ ስለሆነ ነው። ቅሬታዬንም በዝርዝር እንዳቀርብ ይፈቀድልኝ።

፩ኛ፤ በአሮጌው አዳራሽ ዘመን እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰው እዚያ ይሰበሰብ ነበር። ጋዜጣ ይነበባል፣ የተጣላ ይታረቃል፣ እኔና ጎረቤቴ አስማረም ጥግ ይዘን ገበጣ እንጫወታለን። ባለቤቴ ይታይሽ ካረፈች ወዲህ ሳምንቱን የምገፋው ያችን ቀን እየጠበቅሁ ነበር። ኮሚቴው በሰፊ አስተያየቱ ጋዜጣውንም ዕርቁንም ጨዋታውንም ወደ ፎቅ ካወጣው ጀምሮ፣ በደጄ የሚያልፉት ወዳጆቼ መጀመሪያ ገብተው ይጠይቁኝ ነበር፤ ቆይተው በአጥር ላይ ሰላም ማለት ጀመሩ፤ አሁን ባርኔጣቸውን ነካ አድርገው ያልፋሉ። በፈረሴ እስከ በሩ ድረስ እመጣለሁ፤ ፈረስ ላይ እስካለሁ ከማንም አላንስም፤ ፈረሴ ግን ደረጃ መውጣት አልተማረም። በጣም ብቸኛ ነኝ፣ ክቡር ግራዝማች። እንዲህ ያለ ቃል በማመልከቻ ላይ መጻፍ በደንቡ ይፈቀድ አይፈቀድ አላውቅም።

፪ኛ፤ በአዲስ አበባ አሳንሰር የሚባል፣ ሰው የሚያወጣና የሚያወርድ ሳጥን መኖሩን ሰምቼ ለአዳራሻችን የሚሆን አንድ ወንበር ነደፍኩ። የአዲስ አበባው በግራና በቀኝ በቆሙ ሁለት የብረት ሐዲዶች መካከል ይመላለሳል አሉ። የእኔ አንድ የወይራ ሐዲድ ብቻ ነው። ሐዲዱ ግድግዳው ላይ ይመታል፤ ወንበሩም በጀርባው ባሉት ሁለት የእንጨት መንጋጋዎች ሐዲዱን ነክሶ፣ የበር መወርወሪያ በማቀፊያው ውስጥ እንደሚንሸራተት እየተንሸራተተ ይወጣል። በመዘውር ላይ የሚያልፈው ገመድ በአንድ ጫፉ ወንበሩን፣ በሌላው ክብደቴን የሚያህል ድንጋይ ስለሚይዝ፣ እኔው በእጄ እየሳብኩ እወጣለሁ። ገመዱ ቢበጠስም ወንበሩን ቀጥ አድርጎ የሚይዝ ሽብልቅ አለው። የአገራችን ክረምት እንጨት እንደሚያሳብጥ ያውቃሉ፤ ሐዲዱ ሁለት ቢሆን በነሐሴ አብጠው ወንበሩን ከነሰውዬው መሐል ላይ ቀርቅረው ያስቀሩታል፤ አንዱ ቢያብጥ ግን መንጋጋውን ትንሽ ማላላት ይበቃል። ለብቻ መሆን ጥቅም ሲኖረው ያየሁት እዚህ ላይ ብቻ ነው።

፫ኛ፤ ከደረጃው ሥር ያለው ጥግ፣ የክቡራን አባላት ኮርቻ ዝናብ እንዳይነካው የሚቀመጥበት መሆኑን በሚገባ አውቃለሁ። ፈረስ በሚከበርበት አገር ተወልጄ ኮርቻ ይነሣልኝ ብዬ አልደፍርም። ሐዲዱ ከግድግዳው የሚወስደው አንድ ስንዝር ነው፤ ወንበሩም ሲታጠፍ ከግድግዳው ጋር ይለጠፋል፤ ስለዚህ አንድም ኮርቻ ከክብሩ ዝቅ አይልም። ይህን ሁሉ በሥዕል አድርጌ ብልክ፣ ኮሚቴው ሐዲዱ ሁለት ባለመሆኑ ሥራው ጎደሎ ነው አለና፣ ስለ ጉድለቱ ላይኛው ፎቅ በአካል ቀርቤ እንዳስረዳ በማኅተም ጠራኝ።

፬ኛ፤ ሦስት ጊዜ ተጠራሁ፤ ሦስት ጊዜም እስከ በሩ መጣሁ። ዘበኛው ቢሻው ወጥቶ መምጣቴን ነግሮ ሲመለስ «አያ ስማቸው፣ ወጥቶ ይናገር ነው የሚሉት፤ እኔ ምን ላርግ?» እያለ ከእኔ ይልቅ እሱ አፈረ። ከዚያም ባለጉዳዩ ስላልቀረበ ማመልከቻው የተዘጋ መሆኑ ተጻፈልኝ።

አራት ሰው በቃሬዛ ተሸክሞ ያውጣው ስላሉትም ደግነትዎን አመሰግናለሁ። ነገር ግን በቃሬዛ ከመጣ ሰው ጋር ገበጣ የሚጫወት የለም፤ ሁሉም ነፍስ ይማር ለማለት ነው የሚዘጋጀው። ተሸክመው ካወጡኝ በሽተኛ ነኝ፤ ራሴን ስቤ ከወጣሁ ግን እንደ ድሮው ስማቸው ነኝ። የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ያችን አንድ ስንዝር ግድግዳ ይፍቀዱልኝ።

ወደ ታች ከማየት ድካም አንገትዎን እግዚአብሔር እንደ እስከ ዛሬው ይጠብቅልዎ ዘንድ እየተመኘሁ፣ ከምድር ቤት በታላቅ አክብሮት እጅ የምነሣ ታዛዥ አገልጋይዎ፣

አናጢ ስማቸው አበረ

ግልባጭ፤
ከደረጃው ሥር ለሚገኙት ኮርቻዎች፣ እንዲያውቁት።

ሳልረሳው፤ መልስዎን እየጠበቅሁ ሥራ ከምፈታ ብዬ፣ ሐዲዱን አዳራሹን አሻግሮ በሚያሳየው ግቢዬ ውስጥ ባለው ትልቅ ጽድ ግንድ ላይ መትቼዋለሁ፤ መዘውሩን ቢሻው ወጥቶ ሰቀለልኝ። ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እየሳብኩ ከአዳራሹ መስኮት ትክክል ደረስኩ፤ የሰዉን ጨዋታ በሩቁም ቢሆን ለማየት ነበር። አግዳሚዎቹ ባዶ ነበሩ። አስማረ የለም፣ ማንም የለም። ቢሻውን ብጠይቀው፣ ሽማግሌዎቹ ጉልበታቸው ደረጃውን እንቢ ስላላቸው ከክረምት ወዲህ ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ ወደየቤታቸው እንደሚገቡ ነገረኝ። ያየሁት እርስዎን ብቻ ነው፤ ጋዜጣውን ዘርግተው ለባዶዎቹ አግዳሚዎች ያነቡ ነበር። በሚመጣው እሑድ ጋዜጣውን ይዘው ይውረዱ፤ የሚሰማዎት ሰው ከታች አለ።