ሞተሩን የገጠመው ማን ነው

ናዝሬት፣ ማክሰኞ ኅዳር 10 ቀን 1972 ዓ.ም.

የልጄ ባል ተስፋዬ ዛሬ ሥራዬን ወሰደብኝ። የሰይቼንቶ መኪናዬን ሞተር የለወጥኩት እኔ ሆኜ ሳለ፣ «የገጠምኩት እኔ ነኝ» ብሎ ፈረመ።

ጠዋት መኪናዋን ለዓመታዊ ምርመራ ወስጄ ነበር። መርማሪው ሊብሬውን አየና፣ «አባባ፣ ይህ ሞተር ከድሮው ይበልጣል። የባለሙያ ማረጋገጫ ካላመጡ አላሳልፍም» አለኝ።

«ባለሙያው እኔ ነኝ።»

«ዲፕሎማዎትስ?»

እጆቼን ዘርግቼ አሳየሁት። ሳቀ።

ተስፋዬ በቴክኒክ ትምህርት ቤት የተመረቀ ነው። እኔ ሳልጠራው፣ ባለቤቴ የሆነውን ሰምታ ልካው መጣና ማረጋገጫው ላይ ፈረመ፤ መኪናዋም አለፈች። ስንወጣ፣ «ካምቢዮውን አብሬ የቀየርኩት ለምን ይመስልሃል?» አልኩት።

«አርጅቶ ይሆናላ፣ አባቴ።»

አላረጀም። ትልቁ ሞተር የሚዞረው ከድሮው በተቃራኒ ነው። ከድሮው ካምቢዮ፣ ከማርሽ ሳጥኑ ጋር ከተገጠመ መኪናዋ በአራቱም ማርሽ ወደ ኋላ ትሄዳለች። እኔም ይህን የተማርኩት በመጀመሪያው ቀን አጥሬን በጀርባዋ ጥሳ ስትወጣ ነው። ዲፕሎማዬ ያ አጥር ነው።

ባለቤቴ፣ «ፊርማ እኮ ነው፣ አንተ ሰው!» አለችኝ። ሐሙስ ዓይኗን ለመታየት ኩየራ ሆስፒታል ቀጠሮ አላት። ሞተሩን የለወጥኩትም የድሮው ሁለታችንን ይዞ ዳገት አልወጣ ስላለ ነው።

የፈረመበትን ወረቀት ቀድጄ መኪናዋን ማቆም እችል ነበር። አልቀደድኩትም። ሐሙስ ባለቤቴን እወስዳታለሁ። ተስፋዬም እንደ ወትሮው ቤቴ ይገባል፣ ይበላል። ይህን ነገር ግን ለእሱም ለእሷም ዳግመኛ አላነሳውም፤ እዚህም አልጽፈውም።