እትዬ ጆንያና ጸድቶ የማይውለው ዳርቻ

እህታችን፣ ብዙዎቻችሁ «እትዬ ጆንያ» እያላችሁ ትጠሯቸው የነበሩት፣ ከአባታቸው ከጀልባ ጠጋኙና ከእናታቸው ከልብስ ሰፊዋ በ1943 ዓ.ም. ሐይቁ ዳር በነበረው ባለ ሁለት ክፍል ቤታችን ተወለዱ። የቤቱ የመጀመሪያ ልጅ ስለነበሩ እኛን ታናናሾቻቸውን ያዘሉን፣ ያጠቡንና ሲያስፈልግም የገረፉን እሳቸው ናቸው። ይህን የምጽፈው የመጨረሻው ታናሽ ወንድማቸው ነኝ፤ አብዝቼ የተገረፍኩትም እኔው ነኝ።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በሰፈሩ ትምህርት ቤት ገብተው እስከ ስምንተኛ ክፍል ተማሩ። በሒሳብ ጎበዝ ነበሩ። ይሁንና የአባታችን ዓይን ሲደክም፣ የቤቱን ጎደሎ ለመሙላት ትምህርታቸውን አቋርጠው ከእናታችን ጎን ከስፌት መኪናው ተቀመጡ። በ1961 ዓ.ም. የተማሪዎች ዩኒፎርም በሚሰፋ ድርጅት ተቀጥረው፣ በትጋታቸው የስፌት ተቆጣጣሪ እስከ መሆን ደረሱ። ጠማማ ስፌት ካዩ እንቅልፍ አይወስዳቸውም። ሠርግ ተጠርተው የሙሽራዋን ቀሚስ ጫፍ ገልበጥ አድርገው ሲመረምሩ በዓይናችን አይተናል።

በ1966 ዓ.ም. ከጀልባ መካኒኩ ባለቤታቸው ጋር ተጋብተው ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጅ አፈሩ። ባለቤታቸው ቀልደኛ፣ እሳቸው ቁም ነገረኛ ስለነበሩ ከቤታቸው ሳቅም ቁጣም ጠፍቶ አያውቅም። ባለቤታቸው በ1998 ዓ.ም. በሞት ተለዩዋቸው፤ እሳቸውም በዚያው ዓመት ጡረታ ወጡ።

ሥራ ፈትቶ መቀመጥ ግን አልሆነላቸውም። ጠዋት ጠዋት፣ ባለቤታቸው ጀልባ ያስነሡበት ወደነበረው፣ ጅረቱ ሐይቁ ውስጥ ወደሚገባበት ዳርቻ እየወረዱ ይቀመጡ ጀመር። የሚያዩት ግን የውሃ ፕላስቲክ፣ ፌስታል፣ የተበጠሰ ነጠላ ጫማና የዳይፐር ክምር ሆነ። አንድ ቀን ጎንበስ ብለው መልቀም ጀመሩ፤ እንደ ጎነበሱ ቀሩ ማለት ይቻላል። ከዚያ ወዲህ ከአምላክም ከሰውም የለመኑት አንድ ነገር ብቻ ነው። ያጸዱት ዳርቻ አንዲት ቀን፣ አንዲት ቀን ብቻ፣ ጸድቶ ሲውል ማየት።

ፋርማሲስቷ፣ ጡረተኛዋ መምህርትና ዳቦ ቤት ያላቸው ጎረቤታቸው ተከተሏቸው፤ ሰፈሩም «የቅዳሜ ሴቶች» አላቸው። እህታችን ያገኙትን ሰው ሁሉ «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እያሉ ይጎተጉቱ ነበር። ሃምሳው ሰው ግን ሞልቶ አያውቅም፤ ቅዳሜ ሁሉም ሰው ጉዳይ አለው። ፌስታል እየተቀደደ ቢያስቸግራቸው የስኳርና የዱቄት ጆንያ ሰብስበው፣ ድርብ ስፌት መትተው፣ እጀታ አበጁለት። ቅጽል ስማቸውም ከዚያ መጣ። ሌላው ሰው በደንብ ያላሰረውን ጆንያ አስፈትተው እንደገና ያሳስሩ ነበር። የሞላውን በጅረቱ ላይ ካለው የእግረኛ ድልድይ አጠገብ በወግ በወጉ ደርድረው የማዘጋጃ ቤቱን መኪና ይጠብቃሉ።

ጣጣው የመጣው ከዚሁ ከሥርዓታቸው ነው። ድርድሩ እጅግ ስላማረ፣ ሰፈሩ ቦታውን የቆሻሻ ማጠራቀሚያ አድርጎ ተረዳው። ሰው የየቤቱን እየቋጠረ፣ እትዬ ጆንያን ላለማስቸገር ብሎ፣ በጨዋ ደንብ ከጎኑ ያስቀምጥ ጀመር። አንዳንዱማ አመስግኗቸው ይሄድ ነበር። «ቆሻሻ መጣል ክልክል ነው» የሚል ሰሌዳ ቢያስተክሉ፣ ሰው ሰሌዳውን ምልክት አድርጎ እዚያው ሥር ደረደረ። ክምሩን ቢያዛውሩት ሰፈሩም ተከትሎ ተዛወረ። ማዘጋጃ ቤት ሄደው ቢያመለክቱ፣ ኃላፊው ከወንበራቸው ተነሥተው በአክብሮት ተቀበሏቸውና መኪናው ጎማ እንደሌለው አስረዷቸው። ክረምት ገባ፤ ጅረቱ ሞላና ክምሩን ጠራርጎ ሐይቁ ውስጥ ከተተው። እህታችን ከዚያ በኋላ ከዳርቻው የለቀሙት በገዛ እጃቸው የሰፉትን ጆንያ ነበር፤ ስፌቱን አይተው ያውቁታል። ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ ነው፣ በቃዎት ብንላቸው ቀና ብለውም አላዩን። የምንቆጣው ሰው ስላጣን እሳቸውን ተቆጣን።

በ2015 ዓ.ም. የልብ ድካም አልጋ ላይ ጣላቸው። ሐኪሞቹ የሚችሉትን አደረጉ፤ የሚችሉት ግን ጥቂት ነበር። የተኙበት የሆስፒታል ክፍል መስኮት ከግድግዳ በቀር የሚያሳየው የለም። ስለዚህ ጠያቂ በገባ ቁጥር፣ ገና ሰላምታ ሳይሰጡ፣ «ዋለ ወይ?» ይሉ ነበር፤ ዳርቻው ጸድቶ ዋለ ወይ ማለታቸው ነው። ማን ደፍሮ ይዋሻቸው? ወሬውን ወደ ልጆች ትምህርት እናዞረዋለን።

የቅዳሜ ሴቶች ያቺን አንዲት ቀን ሊሰጧቸው ቆርጠው ተነሡ። ልጆቻቸው፣ የልጅ ልጆቻቸው፣ እኛ ወንድሞቻቸው፣ የጀልባ ነጂዎቹም ሳይቀሩ ተጠራርተን ከማለዳ ጀምሮ ለቀምን። እኩለ ቀን ላይ አሸዋው ታየ። ፎቶ ላክንላቸው፤ ከትራሳቸው ቀና ብለው ደጋግመው እንዳዩት ነርሷ ነገረችን። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ከሐይቁ በኩል ዞረ። ከማዶ፣ ከማናውቀው ሰፈር፣ ከማናውቀው ሰው እጅ የወጣው ቆሻሻ ሁሉ በማዕበል ተንሳፍፎ መጣ። ያን ያህል ሰው እጃችንን አጣጥፈን ቆመን ሲመጣ አየነው። ምን ይደረግ? ታናሿ ልጃቸው፣ እህታችን ስልክ ደውለው ሲጠይቋት፣ መዋሸትም እውነቱን መናገርም አቅቷት፣ «እማዬ፣ ነፋስ ተነሣ» አለቻቸው። እሳቸውም፣ «ጆንያዎቹስ ያዙ?» አሉ። ይዘዋል፤ አንድም አልተቀደደም። ይህንኑ ነገረቻቸው።

እህታችን መስከረም 10 ቀን 2016 ዓ.ም. በተወለዱ በሰባ ሦስት ዓመታቸው፣ ልጆቻቸው እጃቸውን ይዘው እያሉ ከዚህ ዓለም ድካም ተለዩ። ሦስት ልጆቻቸውን፣ የልጅ ልጆቻቸውን፣ እኛን ወንድሞቻቸውንና ሥጋ ዘመድ ከመሆን የማይተናነሱትን የቅዳሜ ሴቶች ለሐዘን ጥለውን ሄደዋል። ከልባችን አዝነናል፤ መጽናኛ የሚሆን ቃልም የለንም።

ስለ አንድ ነገር ግን ይቅርታችሁን እንለምናለን። ፀሐዩ ብርቱ በመሆኑ በመቃብር ስፍራው በር ላይ የታደላችሁትን ውሃ ያመጣነው በፕላስቲክ ነው። እህታችን ቢያዩ ምን እንደሚሉ እናውቃለን፤ ሌላ መላ አጣን። መቃብሩ ከጅረቱ በላይ ነውና ባዶውን እባካችሁ እዚህ አትጣሉት፤ ወደየቤታችሁ ይዛችሁ ሂዱ። ከዚያ ወዲያ የት እንደሚደረግ እኛም አናውቅም።

አምላክ የእህታችንን ነፍስ በጸዳ ስፍራ፣ ጸድቶም በሚኖር ስፍራ ያሳርፍልን።