የዊልፍሪን ክንድና የእኔ ሦስት እርምጃ

ለውድ እህቴ ለቤልኪስ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ጤናሽ እንዴት ነው? ወገብሽስ ተሻለሽ ወይስ እነዚያን አሮጊት ስታነሺና ስታስተኚ አሁንም ይይዝሻል? የዛራጎዛ ብርድ ገባ ሲሉ ሰማሁ፤ ካልሲ ደርበሽ ልበሽ፣ እልኸኛነትሽን ለብርዱ አታሳዪው። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። እናታችንን ጉልበቷን ያማታል እንጂ ምላሷ እንደ ድሮው ነው። ልጅሽም ደኅና ነው፤ በልቶ ያድራል፣ በቁመት እኔን አልፎኛል። ይህን አስቀድሜ የምነግርሽ ከዚህ በታች ያለውን ስታነቢ ልጄ ምን ሆነ ብለሽ እንዳትደነግጪ ነው።

በስልክ ስትጠይቂኝ «ቆይ እጽፍልሻለሁ» ያልኩሽ ወድጄ አይደለም። በስልክ ድምፄን ታውቂብኛለሽ። ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልበልሽ፦ ለገና ሥራዬን ለቅቄ እመጣለሁ ብለሽ ለአሮጊቷ ልጆች ካልነገርሽ አትንገሪ። ነግረሽም ከሆነ ሐሳቤን ቀየርኩ በያቸው። ልጅሽ ዊልፍሪን ለቤዝቦል ቡድኑ አልፈረመም፤ የፊርማው ገንዘብም የለም።

አሁን ከሥሩ ልንገርሽ። አንቺ ቤዝቦል ሲባል ገና ጆሮሽን ስለምትይዢ ታግሠሽ ስሚኝ። ቀላቢ ማለት ጭምብል አጥልቆ ከመቺው ጀርባ ቁጢጥ የሚለው ነው፤ እኔ ጣቶቼን ያጣመምኩበት ቦታ። ሜዳው ላይ ሯጭ የሚረግጣቸው፣ መሬት ላይ የታሰሩ ትራሶች አሉ፤ ቤዝ ይሏቸዋል። ሯጭ ወደ ሁለተኛው ቤዝ ሊሾልክ ሲነሣ ቀላቢው ብድግ ብሎ ኳሷን እዚያ ድረስ መወርወር አለበት። መልማዮቹ፣ ለትልልቅ ቡድኖች ልጅ የሚመርጡት ሰዎች፣ ኳሷ እሱ ጓንት ውስጥ ጧ ካለችበት፣ ሁለተኛው ቤዝ ላይ ያለው ልጅ ጓንት ውስጥ ጧ እስክትል ሰዓት ይይዛሉ። ሁለት ሰከንድ የሚፈጅበት ልጅ ሞልቷል። ከሁለት በታች የገባ ግን ስሙ ይጻፋል። ልጅሽ እኔ ልጆች በማሠለጥንበት ሜዳ ላይ አንድ ነጥብ ዘጠና ሦስት ይወረውር ነበር።

ሥጋዬ ባይሆን ኖሮም ስለሱ የምናገረው ይህንኑ ነበር፦ እጁ ለስላሳ ነው፤ ኳስ ሲቀበል ጓንቱ አይንቀጠቀጥም። መሬት የነጠረችውን በደረቱ ያቆማል እንጂ ፊቱን አያዞርም። ወርዋሪው ሲናደድ ጠጋ ብሎ ሁለት ቃል ይለዋል፣ ያስቀዋል፤ ምን እንደሚለው እስከ ዛሬ አልነገረኝም። ዱላ ሲይዝ ግን ዘገምተኛ ነው፤ ሩጫውም የእናቱ ነው፣ አትቆጪ። ስለዚህ ተስፋችን ሁሉ ክንዱ ላይ ነበር። ደግሞ አሥራ ሰባት ሊሞላው ነው፤ እዚህ አገር አሥራ ስምንት የሞላውን ቀላቢ እንደ ሽማግሌ ነው የሚያዩት።

ባለፈው ወር ኦሶሪዮ የሚባል የአንድ ትልቅ ቡድን መልማይ ሜዳችን መጣ። ራሱም ድሮ ቀላቢ የነበረ፣ ሲያመሰግንም ሲሳደብም ፊቱ የማይለወጥ ሰውዬ ነው። አምስት ውርወራ ለካ፣ ሰዓቱን ደጋግሞ አየው፣ ደብተሩ ላይ ጻፈና ኖቬምበር አሥራ ሁለት ማክሰኞ ቦካ ቺካ ወዳለው ማሠልጠኛቸው ይዘኸው ና አለኝ። እዚያም ይህንኑ ከወረወረ ሌላ የምጠይቀው የለኝም አለ። እኔም ያኔውኑ ደወልኩልሽ። ያን ቀን የነገርኩሽን ሁሉ እውነት መስሎኝ ነው የነገርኩሽ፣ እናቴ ትሙት።

ፈተናው ማክሰኞ ሊሆን እሑድ ከቅዳሴ መልስ የሜዳውን ሣር ስመነጥር ገጀራዬ ብረት መታ። ጎንበስ ብዬ ባየው ዝገት የበላው ካስማ ነው። ሁለተኛው ቤዝ ድሮ የታሰረበት ነበር። የዛሬ ሦስት ዓመት ጎርፍ የመጣ ጊዜ ሁለተኛው ቤዝ ያለበት ቦታ ኩሬ ሆኖ አልደርቅ ሲል፣ እኔው ራሴ ቤዙን ነቅዬ ወደ ደረቁ መሬት፣ ወደ ውስጥ አስጠግቼው ነበር። ሲደርቅ እመልሰዋለሁ ብዬ። ሥራ በዛ፣ ልጆቹ ለመዱት፣ እኔም ረሳሁት። ከካስማው እስከ ቤዙ በእግሬ ለካሁ፤ ሦስት እርምጃ። ዊልፍሪን ቀላቢነት የተማረው በእነዚህ ሦስት ዓመታት ነው። ክንዱ ሙሉውን ርቀት አንድ ቀን እንኳ አያውቀውም። ሦስት እርምጃ ምን አላት ትይኝ ይሆናል፤ በፈረመውና ባልፈረመው መካከል ያለችው እኮ እሷ ናት።

ያኔውኑ ልጁን ጠርቼ መንገር ነበረብኝ። ሰኞን ሙሉ ከትክክለኛው ርቀት ማለማመድ ነበረብኝ። ምን ያዘኝ መሰለሽ? ፈራሁ። ልቡ ይሰበራል አልኩ፤ ክንድ ክንድ ነው፣ ሜዳ አይመርጥም አልኩ። ደግሞም ለምን እዋሻለሁ፣ የዚያ ሁሉ ልጅ ወላጅ ተሰብስቦ ሜዳህ ጎደሎ ነው ሲለኝ ታየኝ። ሣሩን ካስማው ላይ መልሼ ወደ ቤቴ ገባሁ። ሰኞ ዕለት ክንድህን አሳርፍ አልኩት፤ እሱም እሺ አለኝ።

ቦካ ቺካ ስንደርስ ሃያ ልጆች ተሰልፈዋል። ተራው ደረሰና የመጀመሪያዋ ኳስ ቤዙ ጋ ሳትደርስ አፈር ላይ ወደቀች። ሁለተኛዋን ኃይል ጨምሮ ቢለቃት ቤዙ ላይ ከቆመው ልጅ ራስ በላይ አልፋ ሣር ውስጥ ገባች። ከሰልፈኞቹ አንዱ ይሄ ደግሞ ወፍ ሊያወርድ ነው እንዴ የመጣው አለ፤ ሳቁበት። እኔ አጥሩን ተደግፌ ቆሜያለሁ። ከዚያ ሁሉ ሰው ምን እየሆነ እንዳለ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።

ዊልፍሪን ጭምብሉን አወለቀ። ማንንም ሳያስፈቅድ ከመነሻው ቀጥ ብሎ ወደ ሁለተኛው ቤዝ በእርምጃ ሄደ። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ይታየኛል፤ እየቆጠረ ነው። የኛን ሜዳ ጠዋት ጠዋት የሚጠርገው እሱ ስለሆነ እርምጃውን በቃሉ ያውቀዋል። ተመልሶ ኦሶሪዮ ፊት ቆመ።

«ጌታዬ፣ የኛ ሜዳ ሦስት እርምጃ ያጥራል። ደብተርዎ ላይ ያለው ቁጥር ልክ አይደለም፤ ይሰርዙት» አለው።

ኦሶሪዮ ዞሮ እኔን አየኝ። ከዚያ ማን እንዳሳጠረው ልጁን ጠየቀው።

«እኔ እንጃ። አጎቴም አያውቅም» አለ ልጅሽ።

ቤልኪስ፣ አንድ ቃል ብተነፍስ ምን ነበረበት? መሬት መሬት አየሁ።

የቀሩትን ሦስቱን ወረወረ፤ ሦስቱም ቤዙ ላይ ደረሱ። ሰዓቱ ግን መጀመሪያ ሁለት ነጥብ ዜሮ ስድስት፣ ቀጥሎ ዜሮ አምስት፣ በመጨረሻ ዜሮ አራት አለ። ኦሶሪዮ የድሮውን ሰርዞ አዲሱን ጻፈ። ከዚያ ወደ አጥሩ መጥቶ፣ «እጁን ወድጄዋለሁ፤ ጭንቅላቱንም ወድጄዋለሁ። ክንዱ ግን ገና ነው፤ ሦስት ዓመት ተሰርቆበታል» አለኝ። ማርች ላይ እንደገና ላየው እችላለሁ፣ ቃል ግን አልገባም ብሎ ሄደ።

ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ ጭራሽ እሱ እኔን ያጽናናኝ ጀመር። አትዘን አጎቴ፣ ጎርፉ ገፍቶት ይሆናል፣ አንተ በምን ታውቃለህ አለኝ። እኔም ዓይኔን በጨው አጥቤ «በምን አውቃለሁ» አልኩት። ከዚያ ወዲህ ከሥራ ስገባ ውሃ ያቀርብልኛል፣ እንደ ልማዱ ያሾፍብኛል፤ እኔ ግን ፊቱን ማየት አቃተኝ። እናታችን ይሄ ሰውዬ ምን ሰርቆ ነው እያለች ባለቤቴን ኤርሲሊያን ትጠይቃለች። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባል የለ? ሳይጠራብኝ ራሴ ልናገር ብዬ ብዕር አነሣሁ።

አውቅ ነበር፣ እህቴ። ቤዙን ያሳጠርኩት እኔ ነኝ፤ ከእሑድ ጀምሮም አውቅ ነበር። የስድስት ዓመት ልጅ አምነሽ ሰጥተሽኝ ሄድሽ፤ እኔ ደግሞ በሰው ፊት ብቻውን አቆምኩት። ስደቢኝ፣ እርገሚኝ፣ ብቻ አታኩርፊኝ። ሜዳውን ገና አልነካሁትም፤ እሱ ሳያውቅ ባስተካክለው ሁለተኛ ውሸት ይሆንብኛል። ይህን ደብዳቤ ሳላሽግ ለሱ እሰጠዋለሁ። አንብቦ ፖስታ ቤት ራሱ ይውሰደው። ሌላ አሠልጣኝ እፈልጋለሁ ካለም እኔው ፈልጌ አገናኘዋለሁ። ሌላ የምክስበት ነገር የለኝም።

እናታችን ግንባርሽን ትስማለች፣ በየሳምንቱ ካልደወለች ስሟን እፍቃለሁ ብላለች። ኤርሲሊያ ናፍቆቷን ትልክልሻለች፤ የላክሽላት ጫማ ልኳ ሆኗል። ትንሿ ልጄ ዳሪሳ ጥርሷ ወልቋል፣ ለአክስቴ ንገርልኝ ብላኛለች። ለምትጠብቂያቸው አሮጊትም እግዜር ጤና ይስጥልኝ በይልኝ።

ወንድምሽ ኔሬኦ
ኮንሱዌሎ፣ ሳን ፔድሮ ደ ማኮሪስ፣ ኖቬምበር 14 ቀን 2013

እማዬ፣ ዊልፍሪን ነኝ። አንብቤዋለሁ። ሦስት ቀን አላናገርኩትም፤ ደብዳቤው የዘገየብሽም ለዚያ ነው። ዛሬ ጠዋት ካስማውን ፈልጌ አገኘሁትና ቤዙን ቦታው ላይ ተከልኩት፤ ጭቃ ውስጥ ነው ግን ቦታው ነው። ሌላ አሠልጣኝ አልፈልግም። ሰዓቱን እሱ ይያዝ። ርቀቱን ግን ከእንግዲህ የምለካው እኔ ነኝ።