የአባዬ የእንግሊዝ ቅድሚያ

ለምወድህ ወንድሜ፣

የጌታ ሰላም ካንተ ጋር ይሁን። እንዴት ከረምክ? ብርዱስ እንዴት ይዞሃል? ያ የሚያምህ ወገብህ ተሻለህ? እኛ በእሱ ቸርነት አለን። የእማዬም ስኳር ወረድ ብሎላታል።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አስፈለገ እንደምትል አውቃለሁ። አንተ ስትደውል አባዬ ከአጠገቤ ንቅንቅ አይልም፤ ድምፁን ከፍ አድርጊው እያለ ጆሮውን ይደቅናል። ይህ ደግሞ እሱ እየሰማ የማወራው አይደለም። ጎረቤታችን ቀጄላ ነገ ወደ እናንተ ስለሚበር በእሱ እጅ ልኬልሃለሁ።

ነገሩ የመኪናው ነው። አባዬ አንተ ጋ ሦስት ወር ከርሞ ከመጣ ወዲህ ስለ እንግሊዝ መንገድ አውርቶ አይጠግብም። ከጎንህ አስቀምጠህ ያስረዳኸውን ሁሉ ሸምድዶታል። ዜብራ ላይ ሰው ካየ ቀጥ ነው። ወደ ዋናው መንገድ ሲወጣ የሚመጣውን መኪና ሁሉ ካላሳለፈ አይገባም። አየር ጤና ላይ እንዲህ የሚያደርግ ሰው ምን እንደሚባል ታውቃለህ። አንዱ ወያላ በመስኮት ብቅ ብሎ፣ ፋዘር፣ አልጋ ይነጠፍልዎት እንዴ? አለው። መጀመሪያ እኔም ስቄያለሁ። ደግ ነገር አስተማርከው ብዬም ኮርቼብህ ነበር።

ያስፈራኝ አደባባዩ ነው። እናንተ ጋ በግራ ስለሚነዳ አደባባይ ላይ ቅድሚያ የሚሰጠው ከቀኝ ለሚመጣው ነው አይደል? እዚህ የሚመጡብን ከግራ ነው። አባዬ ግን ቀኙን ብቻ አይቶ ይገባል። ትናንት ወደ ቤቴል ይዞኝ ሲሄድ ከግራ የመጣ አይሱዙ ፍሬን ባይዝ ኖሮ አልቆልን ነበር። ምን ነካህ ብዬ ስጮህበት፣ ወንድምሽ ያስለመደኝ ነው፣ እንግሊዝ አገር ቅድሚያ የቀኝ ነው አለኝ።

አርባ ዓመት በዚህ ከተማ የነዳ ሰው በሦስት ወር ይረሳል? ያውም እዚያ መሪ ሳይጨብጥ! ቤት ልንደርስ ስንል ዳር ይዞ ቆመና፣ ለወንድምሽ እንዳትነግሪው አለኝ። ምኑን? ብዬ ጠየቅኩት። ማርሽ አስገብቶ መንዳቱን ቀጠለ።

እሁድ ደግሞ ልጄን ሳያትን ቸርች ይዣት እሄዳለሁ ብሏል። ልጄን ካንተ ጋር አልልክም ልበለው? ቁልፉን ልደብቅ አሰብኩ፣ እጄ እንቢ አለኝ። በጣም ጨንቆኛል።

እባክህ እሁድ ሳይደርስ ደውልለት። መጻፌን አይወቅ። እዚያ ሰው ሰባ ሲሞላው መንጃ ፈቃዱ ያበቃል፣ ለማሳደስም ስለ ጤናው ይጠየቃል ብለኸኝ ነበር። የእንግሊዝ ሕግ ከሆነ ይሰማል፤ ይህንንም ካንተ ይስማው። ቁልፉን በገዛ ፈቃዱ ያስቀምጥ እንጂ ልጆቼ ቀሙኝ እንዳይል።

ጌታ በወጣህበት ይጠብቅህ፣ የእጅህን ሥራ ይባርክልህ። እማዬ ትስምሃለች።

ይህን የምጽፍልህ ሳሎን ሶፋው ላይ፣ ከአባዬ ጎን በግራው በኩል ተቀምጬ ነው። ወረቀቱን አልሸሸግኩም። አሁን ራሱ እማዬን ጠርቶ፣ ይቺ ልጅ ወጣች እንዴ? አላት። እማዬ እኔን አየችኝ፤ ከዚያ የእሱን ግራ ዓይን አየች።

የምትወድህ እህትህ