የጉና በርኖስና ሦስቱ ደብሊው

ይድረስ ለወንድሜ ለወንድምዓለም ይሻው፤ ጁባ።

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናህን እጠይቃለሁ። ያ ሲመላለስብህ የነበረው ወባ ለቀቀህ ወይ? ብርቱካንስ እንዴት ናት? ልጃችሁ ምሕረትአብስ አደገ? እኛ ብርዱ ከመበርታቱ በቀር ድንግል ማርያም ትመስገን ደህና ነን። እናታችንም ጉልበቷ ተሽሏት ጥምቀትን ታቦት ሸኝታ በእግሯ ተመለሰች።

ዛሬ የምነግርህ ደስ ያለኝን ነገር ነው። እናታችን የበግ ጠጉር የምትፈትልለት የገሳይ ሸማኔዎች ማኅበር ድረ ገጽ እንድሠራለት እኔን መቅጠሩን ታውቃለህ። ሠራሁለት፤ በ«www» የሚጀምረውን አድራሻውንም አስጠልፈን በየበርኖሱ አንገት ላይ ሰፋነው። ነገር ግን ሰው ጎግል ላይ «የጉና በርኖስ» ብሎ ሲፈልግ የእኛው ከስንቱ ኋላ ተደብቆ ይቀር ነበር። ጠሪም ገዢም ጠፋ።

የማኅበሩ ሊቀ መንበር አቶ ደሳለኝ ባሕር ዳር ሄደው አንድ ሰው ምክንያቱን ነግሯቸው መጡ። ስብሰባ ላይ ተነሥተው፣ «ወደ ኋላ የሚጎትቱን ከአድራሻው ፊት ያሉት ሦስት ደብሊዎች ናቸው አሉ፤ ቁረጫቸው» አሉኝ። እኔም፣ «ብቆርጣቸው በርኖሱ ላይ ያለውን አድራሻ የሚጽፍ ሰው አያገኘንም። ደግሞ ደብሊው በራሱ ወደ ኋላም አይጎትት፣ ወደ ፊትም አይገፋ። ምክንያቱን እስካገኝ ጊዜ ስጡኝ» አልኩ። አንዳንዶቹ አጉረመረሙ፤ ሌላ ባለሙያ ይፈለግ ያለም ነበር። እናታችን ከሴቶቹ መካከል አንገቷን ደፍታ ታዳምጥ ነበር።

ስመረምረው ድረ ገጻችን በደብሊውም ያለ ደብሊውም ይከፈታል፤ አንዱ ግን ወደ ሌላው አይመራም። ለጎግል ሁለት ቤት መስለን ኖረናል። ስለ እኛ በየድረ ገጻቸው የጻፉትም ግማሾቹ ሰውን ወደ አንዱ፣ ግማሾቹ ወደ ሌላው ይልኩ ስለ ነበር ጎግል ዘንድ ዋጋችን ለሁለት ተከፍሎ ወደ ኋላ ቀረን። ይህን ለእናታችን ባስረዳት፣ «እኔንስ ገበያው አልማዝ፣ ንስሐ አባቴ አመተማርያም ይሉኝ የለ? በየትኛውም ቢጠሩኝ የምመጣው እኔው ነኝ» አለችኝ። እውነቷን ነው። በርኖሱ ላይ ያለውን ዋና አደረግሁና ሌላውን ወደ እሱ መራሁት። ያ ብቻውን አይበቃም ነበርና ጠጉሩ እንዴት እንደሚታጠብ፣ እንዴት እንደሚነደፍና እንደሚፈተል እናታችንን እየጠየቅሁ ከአፏ እንደወጣ ድረ ገጹ ላይ ጻፍሁት፤ ፎቶዋንም ጨመርሁበት።

ወራት ቢፈጅም ቀስ በቀስ ወደ ፊት መጣን። ሰሞኑን አቶ ደሳለኝ በስብሰባው ፊት በራሳቸው ስልክ «የጉና በርኖስ» ብለው ጻፉ፤ ከሁሉ ቀድሞ የወጣው የእኛ ነበር፣ ከነእናታችን ፎቶ። አሁን ከጎንደርም ከአዲስ አበባም እየደወሉ ያዛሉ። አቶ ደሳለኝ፣ «እንግዲህ በዚህ ነገር ውዴ ያለችው ይሁን» ብለው እኔን ጠቁመው ስልኩን ከእጅ ወደ እጅ አሳለፉት። እናታችን ዘንድ ሲደርስ መስታወቱን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ ብዙ አየችው።  ወደ ቤት ስንሄድም መንገድ ላይ ያገኘችውን ሰው ሁሉ እያስቆመች ነገረች።

ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልህ የጎረቤታችን የፈንታነሽ ልጅ ታምራት ነው፤ እናታችን የፈተለችውን በርኖስም ይዞልሃል። «ጁባ እኮ ሙቀት ነው፤ ምን ያደርግለታል?» ብላት፣ «ይልበሰው መች አልሁ? ግድግዳው ላይ ይስቀለውና የመጣ ሰው ሁሉ የማን ልጅ እንደሆነ ይወቅለት» አለች።

ብርቱካንን ሳምልኝ። ምሕረትአብን አክስትህ ናፍቃሃለች በለው። አጎታችን አለሙ፣ ፈንታነሽም ከነቤተሰቧ ሰላም ይሉሃል። እናታችን ግንባርህን ስማ ትመርቅሃለች።

እህትህ ውዴ
ደብረ ታቦር
ጥር 18 ቀን 2015 ዓ.ም.