ሳይነበብ ስለተቀመጠው የሳንድኔክ አቤቱታ

ለተከበሩ ሚስተር ኤልናታን ክሮከር
የሳንድኔክና የአካባቢው ሕዝብ እንደራሴ
ዋና ከተማ

መጋቢት 1838፣ ሳንድኔክ፣ ማሳቹሴትስ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የጤናዎን ነገር እጠይቃለሁ። ባለፈው ወር ጉንፋን ጥሎዎት እንደነበር ከጋዜጣ አንብበን መንደሩ ሁሉ አዝኖ ነበር፤ ድነው ድምፅ ለመስጠት መብቃትዎን ስናነብ ደግሞ እፎይ ብለናል። እኔ በወደቡ መንገድ የምኖረው ልብስ አጣቢዋ ኬዚያ ታልቦት፣ የመርከብ ወጥ ሠሪው የዮታም ታልቦት ሚስት ነኝ። ይህን ደብዳቤ በጋዜጣ የማወጣው፣ በፖስታ ብልከው እንደ አቤቱታችን ሳይነበብ እንዳይቀር ፈርቼ ነውና ድፍረቴን ይቅር ይበሉኝ።

ነገሩን ላልሰሙ አንባቢዎች ባጭሩ ላስረዳ። ባለቤቴ ባለፈው መስከረም፣ የጨው ዓሣ ጭና ወደ ደቡብ በወረደች መርከብ ላይ ወጥ ሊሠራ ሄደ። ባርነት እስካሁን በሚፈቀድበት በዋና ከተማው ዱቄት ሊገዛ ከመርከብ ሲወርድ፣ ጥቁር ነውና ነፃነትህን የሚያስረዳ ወረቀት አምጣ ተባለ። ወረቀት አልያዘም። የጠፋ ባሪያ ነው ብለው አሰሩት፤ በሦስት ወር ውስጥ ነፃ ሰው መሆኑ ካልተረጋገጠም ለበላው ቀለብ ማካካሻ እንደሚሸጥ አስታወቁ። እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

፩. በመጀመሪያ የመንደራችንን ጸሐፊ ሚስተር ባርዚላይ ናይን አመሰግናለሁ። ዮታም ከመሳፈሩ በፊት ያንን ወረቀት ሊያጽፍ እሳቸው ዘንድ ሄዶ ነበር። «አንተ ሰውዬ፣ እዚህ አገር ባሪያ ከቀረ ሃምሳ ዓመት አለፈው! አሁን ነፃ ነህ ብዬ ልጻፍልህ? ነገ ደግሞ ላሜ ላም ናት ብለህ ጻፍልኝ በለኛ!» አሉት። ዮታም እራት ላይ ይህን ሲነግረኝ እየሳቀ ነበር፤ እኔም ሳቅሁ። እንዲህ ያለ ወረቀት የማይጻፍበት አገር ሰዎች በመሆናችን ኮርተን ነበር። ዮታም ከታሰረ በኋላ ጸሐፊው ጽፈው ላኩ፤ የእስር ቤቱ ሹም ግን ዘግይቶ የመጣ ወረቀት አይበቃኝም፣ የሚያውቀው ነጭ ሰው እዚህ ቀርቦ በቃሉ ይመስክርለት ሲል መለሰ። መርከቧ ከነካፒቴኗ ጉዞዋን ቀጥላ ነበርና፣ በዚያ ከተማ ዮታምን የሚያውቅ ነጭ ሰው ከእርስዎ በቀር አልነበረም። አምና መንደራችን በመጡ ጊዜ እሱ የሠራውን ባቄላ ሁለቴ አስጨምረው በልተዋል።

፪. ስለ ምክርዎ አመሰግናለሁ። ሄደው እንዲመሰክሩለት ስለምንዎት፣ እንዲህ ያለው ጉዳይ በደንቡ መሠረት በአቤቱታ ለምክር ቤቱ ቢቀርብ እንደሚሻል በአራት መስመር መለሱልኝ። ስለዚህ የካፒቴን ሚስት ከነበሩት ከጎረቤቴ ከእማማ ሄፕዚባ ጋር በረዶውን እየረገጥን ከቤት ቤት ዞርን። የሴቶቹን ስም በግራ፣ የወንዶቹን በቀኝ አስፈረምን፤ ወረቀቶቹን በዱቄት ሙጫ አያይዘን ጠቀለልን። የጥጥ ፋብሪካው ባለቤት ግን ከደጃፉ ሳያስገባን፣ «ጥጡ ከየት እንደሚመጣ ታውቁ የለ? ባሪያ ካላቸው የደቡብ ሰዎች ጋር አታጣሉኝ እንጂ!» አለን። እማማ ሄፕዚባም፣ «እንግዲያ አንተ ግባና ጥጡን አስፈቅደህ ና፣ እኛ እዚሁ እንቆማለን» አሉት። እውነትም ቆሙ። አልፈረመም። ነፃ ሰው ለባርነት እንዳይሸጥ የሚለምነውን አቤቱታ በሁለት መቶ አሥራ አራት ሰው ስም ላክን።

፫. ከሁሉ በላይ በታኅሣሥ ወር ስለሰጡት ድምፅ አመሰግናለሁ። ባርነት የሚል ቃል ያለበት አቤቱታ ሁሉ ሳይነበብና ሳይመከርበት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ እንዲቀር ደንብ ሲወጣ፣ በሰሜንና በደቡብ ወንድማማቾች መካከል ሰላም እንዲሰፍን ብለው እጅዎን አውጥተዋል። የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ የሚሉ ክፉዎች አሉ፤ እኔ ግን ሰላም መውደድዎን አልነቅፍም። አንድ ነገር ብቻ ግራ ገባኝ። አምና በነፃነት በዓል ሁለት ሰዓት ሙሉ ሲናገሩ፣ አባቶቻችን በባሕር ማዶው ንጉሥ ላይ የተነሡት አቤቱታቸውን አልሰማ ስላለ ነው ብለውን ነበር። የዮታም አባት በዚያ ጦርነት ሦስት ዓመት ጠመንጃ ተሸክመዋል። በበዓሉ ዕለት እኛ ከኋላ ቆመን አጨበጨብን።

አቤቱታችን ጥር ውስጥ በአንድ ሰኞ ዕለት ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠ። የሦስት ወሩ ቀን በዚያው ሳምንት ሐሙስ ሞላ። ሐሙስ ዮታም ተሸጠ። ከምክር ቤቱ እስከ እስር ቤቱ በእግር ሃያ ደቂቃ ነው ብለውኛል።

አራተኛ ምስጋና ነበረኝ፤ ጠፋብኝ። ከዚያ ሐሙስ ወዲህ ብዙ ነገር ይጠፋብኛል። ሰው እንዳለቅስ ይጠብቃል፣ እንባው ግን አይመጣም። እጄን የፈላ ውኃ ውስጥ ከትቼ፣ መፍላቱን የማውቀው ቆዳዬ ሲላጥ አይቼ ነው። ተቆጥቼ ቢሆን ይህን ደብዳቤ አልጽፍም ነበር፤ ደንዝዤ ነው የጻፍኩት።

የምለምንዎት አንድ ነገር ብቻ ነው። የገዛው ሰው ስምና የወሰደበት አገር በእስር ቤቱ መዝገብ ላይ ተጽፏል፤ ለሴት ልብስ አጣቢ አያሳዩም፣ ለእንደራሴ ግን ያሳያሉ። ሄደው ያንብቡልኝ። የመርከቧ ካፒቴን የገዢውን ስም ካገኘ ተከትሎት ሊሄድ ቃል ገብቶልኛል። ይህ አቤቱታ አይደለም፤ ደንብዎን አይነካም፤ የማንንም ወንድማማችነት አያደፈርስም።

ድምፅ መስጠት ያልተፈቀደላት፣ ድምፅ የሰጡልዎት ግን ልብሳቸውን ያጠበችላቸው፣ ለክብርዎ ዝቅ ብላ እጅ የምትነሣ፣ ሚስት ትሁን መበለት ራሷ የማታውቀው ታዛዥዎ፣

ኬዚያ ታልቦት

ማስታወሻ፦ ባለቤትዎ ለመጪው ጉባኤ የላኩልኝን ስድስት ሸሚዞች አጥቤ፣ ኮሌታቸውን በስታርች አድርቄ ተኩሻለሁ፤ ሥራዬ ነውና ማበላሸት አልቻልኩም። ሳጥኔ ውስጥ ናቸው። የገዢው ስም በመጣ ዕለት ይላካሉ። ካልመጣም አይጨነቁ፤ የምክር ቤቱ ሥራ ያለ ጆሮ ከተሠራ ያለ ሸሚዝም ይሠራል።